ድምፃችን ሲሸጥ እኛ የት ነበርን?



ባለፈው ክረምት ከአዘጋጆቹ አንዱ ሥራ ፍለጋ ወደ ገዳሪፍ ከተማ ወርዶ ነበር። የሰሊጥ አረም ወቅት ነበርና፣ ቀጣሪ እስኪመጣ ድረስ ገበያው ዳር ከአንዲት ሻይ ሻጭ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ከሴትዮዋ ስልክ እንጉርጉሮ ሰማ። ድምፁን ወዲያው ለየው። ወንዝ ማዶ የቀረ ወንድሟን እያነሣች የምታንጎራጉረው የእኛው የካምፓችን ልጅ ናት። ያንን እንጉርጉሮ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እዚህ በደረስንበት በመጀመሪያው ክረምት፣ ለቅሶ ላይ፣ አብረናት መሬት ላይ ተቀምጠን የሰማነው ነው።

ስልኩን ተቀብሎ ቢመለከት፣ ዘፈኑ የተለጠፈበት የዩቲዩብ ቻናል ባለቤት እኛ የማናውቀው፣ ውጭ አገር የሚኖር ሰው ነው። በእርሷ ስም ፈንታ የሌላ ሰው ስም ተጽፏል። ፎቶውም የሌላ ሴት ነው። እንጉርጉሮው መሐል ላይ ተቋርጦ የሳሙና ማስታወቂያ ይገባል። የሰማው ሰው ቁጥር ከአሥር ሺህ አልፏል። በዚያው ዕለት የእንጉርጉሮው ባለቤት የራሽን ካርዷን ይዛ የማሽላ ሰልፍ ላይ ነበረች።

ወሬው ሲነገራት ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል አልተናገረችም። «ለወንድሜ ያልኩት ነበር፤ የእሱን ስም ለምን አወጡት?» ብቻ ነው ያለችው። እውነትም የወንድሟ ስም የሚነሣበት ቦታ ተቆርጧል። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ትመጣለች፤ አፏን ግን አትከፍትም።

ይህ ነገር በሠፈራችን ክርክር አስነሥቷል። የኪነት ቡድናችን ወጣቶች በራኩባው ሥር በተደረገው ስብሰባ ላይ «ከእንግዲህ ያለ ስምምነት ማንም በስልክ እንዳይቀዳን፤ ሥራችንንም በኢንተርኔት መደብር እንሸጣለን» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አንዳንዱ አጨበጨበ፤ አንዳንዱ «ዘፈን ሸቀጥ ሆነ እንዴ!» ብሎ ተቆጣ፤ አንዳንዱም የማይሆን ሕልም ነው ብሎ ሳቀ። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

እኛ ዳር ቆመን መመልከት ተገቢ መስሎ አልታየንም። አቋማችንን በግልጽ እናስቀምጣለን፦ የወጣቶቹ ጥያቄ ትክክል ነው፤ መንገዳቸው ግን ገና አልተጠረገም። ድምፃችን የሚወሰደው ሕግ ስለጠፋ ወይም መሣሪያ ስለሌለን ብቻ አይደለም። ስም ሳንሰጠው ከቤት ስለምናስወጣው ነው። ምልክት የሌለውን ከብት ያገኘው ሁሉ ይነዳዋል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ «ዘፈን አይሸጥም» ለሚሉን አባቶችና እናቶች መልስ እንስጥ። ቁጣቸው ከክብር የመነጨ መሆኑን እናውቃለን። ሙሾ ለሟች፣ ሽለላ ለጀግና፣ እስክስታ ለሙሽራ ነው፤ በሚዛን ተለክቶ አይቸበቸብም ማለታቸው ነው። እኛም ለቅሶ ቤት ውስጥ የገንዘብ ሣጥን ይቀመጥ አላልንም። ነገር ግን አንድ ነገር እንጠይቃቸው፤ አዝማሪ በነፃ የዘፈነው መቼ ነው? ጎንደርም ሆነ መተማ፣ ጠጅ ቤትም ሆነ ሠርግ ቤት፣ ማሲንቆውን ይዞ ለገባ አዝማሪ፣ ግጥሙ ልቡን የነካው ሰው ተነሥቶ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለት አልነበረምን? ሽልማት ይባል እንጂ ደመወዝ ነው፤ ልጆቹን ያሳደገበት ነው። ይህን ነውር ነው ያለ ሰው አልሰማንም።

ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው? ድሮ ዘፋኙና ሰሚው ፊት ለፊት ነበሩ። ብሩን የሚለጥፈው እጅና ብሩ የሚለጠፍበት ግንባር በአንድ ቤት ውስጥ ነበሩ። ዛሬ ሰሚው በዋሽንግተን፣ በጁባ፣ በሪያድ ነው። ያ ሰው እጁን ይዘረጋል፤ የሚያገኘው ግን የዘፋኙን ግንባር ሳይሆን መሐል ገብቶ የቆመውን ሰው ግንባር ነው። ስለዚህ ክርክሩ ዘፈን ይሸጥ ወይስ አይሸጥ አይደለም፤ እየተሸጠ ነው። ክርክሩ ዋጋው ለማን ይድረስ የሚለው ነው። ሙሾ አይሸጥም የሚሉ አባቶቻችን ቁጣቸውን ማዞር የሚገባቸው በወጣቶቹ ላይ ሳይሆን፣ ሙሾውን ከሳሙና ጋር አዳብሎ በሸጠው ላይ ነው።

ይህ የመሐል ሰው ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ሸክላ ማሳተም ለማንም የተፈቀደ ሥራ አልነበረም፤ በ1948 በወጣ ትእዛዝ መብቱ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ይህን አጥር ጥሶ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። በመጀመሪያ ያሳተመው የዓለማየሁ እሸቴን ሥራ ነበር። ሸክላው ውጭ አገር እየታተመ ይገባ ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላዎች አወጣ፤ ከዚያ በኋላ በደርግ ጊዜ እንደ እኛው አገሩን ለቅቆ ተሰደደ። ሁለቱም በ2021 አርፈዋል።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚበጀው ትምህርት አንድ ነው። አምሃ ሲሰደድ ሱቁ ቀረ፣ ሸማቹ ቀረ፣ ከተማው ቀረ፤ ሸክላው ላይ የተጻፈው ስም ግን አብሮት ተሰደደ። ከሃያ ዓመታት በኋላ፣ በ1997፣ ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሥራ ሲጀምር፣ ለእነዚያ ሸክላዎች ፈቃድ የተዋዋለው ከባለስሙ ጋር ነው። ስደት ንብረትን ሊነጥቅ ይችላል፤ በጽሑፍ የተያዘ ስምን ግን በቀላሉ አይነጥቅም።

ከሸክላው ቀጥሎ የካሴት ዘመን መጣ። ያን ጊዜ ብዙው ዘፋኝ አልበሙን ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጥ ነበር፤ ካሴቱ መቶም ይሸጥ መቶ ሺህ፣ ከዚያ ወዲያ አያገባውም። ሌላው ደግሞ በባዶ ካሴት እየገለበጠ በየጉሊቱ ያከፋፍላል። በ1980ዎቹ ወደዚህ ወደ ገዳሪፍ ምድር የተሰደዱት ታላላቆቻችን፣ ኡም ራኩባ ለመጀመሪያ ጊዜ ስደተኛ በተቀበለችበት ዘመን፣ ካሴት በላስቲክ ጠቅልለው በጉያቸው ይዘው እንደ መጡ አጫውተውናል። አንዱን ካሴት ክሩ እስኪሳሳ ድረስ ሲገለብጡት ኖሩ። ለናፍቆት ነበር፤ ማንም አይፈርድባቸውም። ኡም ራኩባ በኖቬምበር 2020 እንደገና ሲከፈት፣ በ2021 መጀመሪያም ቱናይድባ ሲከተል፣ የመጣነው ሰዎች በጉያችን የያዝነው ካሴት ሳይሆን ሜሞሪ ነበር። መሣሪያው ተለወጠ፤ ልማዱ አልተለወጠም። ዛሬም ገበያው ጥግ ላፕቶፕ ዘርግቶ የተቀመጠው ልጅ በጥቂት ፓውንድ ስልካችንን ዘፈን ይጭንልናል። ፓውንዱ የእርሱ ነው። ዘፋኙ ማን እንደ ሆነ እርሱም አይጠይቅ፣ እኛም አንጠይቅ።

አሁን ወጣቶቹ ወደሚናገሩለት የኢንተርኔት መደብር እንለፍ። «ዘፈንህን ስቀል፣ ዓለም ይገዛሃል» የሚለው ወሬ በካምፓችን በሰፊው ይነዛል። ወሬው ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ያሳስታል። ስለዚህ አሠራሩን አንድ በአንድ እንየው።

መደብሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ሱቅ ነው፤ ገዢው ዋጋውን ከፍሎ ዘፈኑን የራሱ ያደርጋል። የአፕል ኩባንያ አይቱንስ የተባለውን እንዲህ ያለ መደብር በ2003 ሲከፍት አንዱን ዘፈን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ወደ 70 ሳንቲም ገደማ ለባለመብቱ ይደርስ ነበር። ግለሰብ ዘፋኝ ወደዚያ መደብር የሚገባው በአከፋፋይ በኩል ነው። አንዳንዱ አከፋፋይ ከገቢው ይቆርጣል፤ ሲዲ ቤቢ የተባለው ለምሳሌ ከመቶ 9 ይወስዳል። ሌላው በየዓመቱ ክፍያ ይጠይቃል፤ ክፍያው ከተቋረጠ ዘፈኑ ከመደብሩ ሊወርድ ይችላል። በ2008 የተከፈተው ባንድካምፕ ግን አከፋፋይ አያስፈልገውም፤ ዘፋኙ ራሱ ሱቁን ይከፍታል፣ ዋጋውንም ራሱ ይተምናል። መደብሩ ከሽያጩ ከመቶ 15 ያነሣል፤ ሽያጩ 5,000 ዶላር ሲደርስ ድርሻውን ወደ 10 ያወርዳል። የገንዘብ ማስተላለፊያው ወጪ ለብቻው ነው።

ሁለተኛው ዓይነት መደብር እንደ ዕድር ነው። ሰሚው በየወሩ መዋጮ ይከፍላል፤ የፈለገውን ያህል ይሰማል። መደብሩ የራሱን ድርሻ አንሥቶ ቀሪውን፣ እያንዳንዱ ዘፈን በተሰማ መጠን፣ ለባለመብቶች ያከፋፍላል። ስፖቲፋይ ከገቢው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ለባለመብቶች እንደሚከፍል ይናገራል። ብዙ ይመስላል፤ ግን የሚካፈለው የዓለም ዘፋኝ ሁሉ ስለሆነ ለአንድ ጊዜ መሰማት የሚደርሰው ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ያነሰ ነው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተሰማ ዘፈን ከዚህ ክፍፍል ምንም አያገኝም። ዩቲዩብም እንዲሁ በር አለው፦ ከማስታወቂያ ድርሻ ለማግኘት ቻናሉ 1,000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ሥራ ሊኖረው ይገባል። ይህን ካሟላ ከማስታወቂያው ገቢ 55 ከመቶው ለቻናሉ ባለቤት ይሰጣል። ልብ በሉ፤ ለቻናሉ ባለቤት እንጂ ለዘፋኙ አላልንም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከካምፓችን የወጡ፣ ዛሬ በሦስተኛ አገር የሰፈሩ ወገኖች አሉን። ከእነርሱ ውስጥ ሃምሳው ብቻ የኪነት ቡድናችንን አንድ አልበም በ10 ዶላር ቢገዙ ጠቅላላው 500 ዶላር ነው። ከአንዱ አልበም 1 ዶላር ከ50 ለመደብሩ፣ ግማሽ ዶላር ያህል ለገንዘብ ማስተላለፊያ ቢነሣ 8 ዶላር ይቀራል፤ ሃምሳው 400 ዶላር ይሆናል። ሃምሳ ሰው! በአንድ ሠርግ ላይ የሚገኝ ሰው እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ያው አልበም በዕድሩ ዓይነት መደብር ቢገባና ዘፈኖቹ አንድ ሺህ ጊዜ ቢሰሙ የሚገኘው ጥቂት ዶላር ነው። እንግዲህ ለእኛ ብጤ ትንሽ ሕዝብ የሚያዋጣው አሥር ሺህ የማይታወቅ ሰሚ ሳይሆን ሃምሳ የታወቀ ገዢ ነው። ዝና ፍለጋ ስንሮጥ ገበያችንን እንዳንረግጠው እንጠንቀቅ።

«ታዲያ ነገውኑ እንክፈት!» የሚሉ ወጣቶች ይኖራሉ። እዚህ ላይ ነው የማንስማማው። መደብሩ ዘፋኙን አያውቅም፤ የሚያውቀው ዘፈኑን ያስገባውንና የሒሳብ ቁጥር የሞላውን ሰው ነው። ባንድካምፕ ለብዙ ዓመታት ለሙዚቀኛ ሲከፍል የኖረው በፔይፓል በኩል ነው፤ ፔይፓል ደግሞ ለሱዳን ነዋሪ አይሠራም። አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ የጣለችው ሰፊ የንግድ ማዕቀብ በ2017 ተነሥቷል፤ በ2020 መጨረሻም ሱዳን ሽብርን ይደግፋሉ ከሚባሉ መንግሥታት መዝገብ ወጥታለች። ነገር ግን በወረቀት የተነሣ ማዕቀብ ከባንክ መስኮት ላይ ቶሎ አይነሣም። ከዚያ በኋላ በኤፕሪል 15፣ 2023 ጦርነቱ መጣ። በፌብሩዋሪ 2024 ኔትወርክ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ሲጠፋ፣ ባንካክም አብሮ ሲዘጋ፣ ዘመዶቻችን የላኩልንን ገንዘብ ሳናይ ስንት ቀን እንደ ከረምን የምንረሳው አይደለም። ዛሬም ቢሆን ከእኛ መካከል በስሙ የባንክ ሒሳብ ያለው ጥቂት ነው። የሚላክልን ገንዘብ በነጋዴ ሒሳብ ይገባል፤ ነጋዴውም ቆርጦ ይሰጠናል።

አገር ቤት ይህን ችግር በብልሃት ለማለፍ የሞከሩ አሉ። በ2019 ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋ፣ ኃይሌ ሩትስና ዳዊት ንጉሡ አውታር የተባለውን መደብር አቋቋሙ። ገዢው ባንክ አያስፈልገውም ነበር፤ የዘፈኑ ዋጋ ከስልኩ የአየር ሰዓት ይቆረጥ ነበር። ኤልያስ በዚያው ዓመት አረፈ። ሐሳቡ ግን ትልቅ ትምህርት ነው፦ መደብሩ በገዢው ኪስ ልክ መሰፋት አለበት። ይሁን እንጂ ያ መንገድ ለኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ነበር፤ እኛ እጅ ላይ ያለው የሱዳኒና የዜይን ሲም ነው። ብልሃቱ ድንበሩን አልተሻገረም።

ሕጉም እንዲሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410፣ ሥራው የትም ሳይመዘገብ፣ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ለባለቤቱ ጥበቃ ይሰጣል። መልካም ሕግ ነው። ግን ዘፋኟ በሱዳን ምድር፣ ቀጂው ካምፕ ውስጥ፣ ሻጩ በሦስተኛ አገር ሲሆን፣ የትኛው ዳኛ ፊት ይቆማል? ሕግ ለእኛ የሚሠራው ማስረጃ በእጃችን ሲኖር ነው። ማስረጃ ደግሞ ማንም አይሠራልንም።

ከመጠን በላይ አጨለማችሁት እንዳንባል በመንገዱ ያለፉትን እንመልከት። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች ነበር። በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ በ1985 አኮርዲዮኑን ይዞ አንድ ካሴት አወጣ፤ ከዚያም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ኖረ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው፤ ስሙን አንብቦ በኢንተርኔት ፈለገው፣ ስልክ ደወለለት፣ ተዋዋሉ። በ2013 ካሴቱ እንደገና ታተመ፤ ሽማግሌው ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ከዚሁ ከእኛው ምሥራቅ ሱዳንም ሌላ ምሳሌ አለ፦ የፖርት ሱዳኑ የቤጃ ሙዚቀኛ ኑሪ፣ የጊታር አንገት ከክራር መሰሉ ታምቡር ጋር አጋጥሞ በሠራው መሣሪያ ከባንዱ ጋር የተጫወተው ሥራ፣ በ2022 ኦስቲናቶ በተባለ አሳታሚ በኩል ወጥቶ በኢንተርኔት መደብር ለዓለም ተሸጧል።

እነዚህ ሰዎች ከእኛ እህት በምን ይበልጣሉ? በድምፅ አይደለም። ካሴቱ ላይ ስም ነበረ፤ ስሙን ተከትሎ የሚገኝ ሰው ነበረ፤ ውል ተጽፎ ገንዘቡን የሚቀበል ሒሳብ ነበረ። ስም፣ ውል፣ ሒሳብ። የእኛ እህት እንጉርጉሮ ግን ከስልክ ወደ ስልክ ያለ ስም ሄደ። ቅን ሰው እንኳ ቢያገኘው የማንን በር ያንኳኳል?

እዚህ ላይ ጣታችንን ወደ ራሳችን እናዙር። ያንን እንጉርጉሮ ለቅሶ ላይ በስልክ የቀዳው ከባሕር ማዶ የመጣ ሌባ አልነበረም። ከመካከላችን አንዱ ነው። ለአክስቱ ልጅ ላከ፤ የአክስቱ ልጅ ለጓደኛዋ ላከች፤ እንዲያ እያለ ሄደ። የዚህች መጽሔት አዘጋጆችም በእጃችን አሳልፈናል፤ ማን እንዳንጎራጎረችው ግን አንዳችንም አንድ መስመር አልጻፍንበትም። በዝባዡን ስናወግዝ መንገዱን የጠረግንለት እኛ መሆናችንን ካልተናገርን ንግግራችን ባዶ ጩኸት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ለካምፑ ነዋሪ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ መዝገብ ይከፈት። አንድ ደብተር በቂ ነው። የዘፈኑ መጠሪያ፣ የዘፋኙ፣ የገጣሚው፣ የዜማው ባለቤትና የተጫዋቾቹ ስም፣ የተቀዳበት ቀንና ቦታ ይጻፍ። ሁለት ምስክር ይፈርምበት፤ መጻፍ የማይችል በጣቱ ያትም። ገጹ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በተለያየ ሰው እጅ ይቀመጥ፤ ጎጆ ይቃጠላል፣ ዝናብ ያፈሳል።

ሁለተኛ፤ ሳይነገር የሚቀዳ አይኑር። የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ቀረጻውም በባለቤቱ ስም ይጀምር። «እኔ እገሌ ነኝ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ» ብሎ መጀመር ከአሥር ማኅተም ይበልጣል። ለቅሶ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይቀዳ። በዚህ በኩል አባቶቻችን ትክክል ናቸው፤ ሙሾ ለገበያ አይደለም፤ ለስልክም አይደለም።

ሦስተኛ፤ ውጭ አገር ወኪል እንምረጥ፤ ግን በዝምድና ብቻ አይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን። ውሉ ለአንድ ዓመት ይሁን፤ የወኪሉ ድርሻ፣ ለምሳሌ ከመቶ 10፣ በግልጽ ይጻፍ። መደብሮቹ ስንት እንደ ተሸጠ ዝርዝር ይሰጣሉ፤ ወኪሉ ያንን ዝርዝር በየሦስት ወሩ ይላክ፣ በራኩባው ሥር ጮክ ተብሎ ይነበብ። «መብቴን ለዘለዓለም ሸጫለሁ» የሚል ወረቀት ግን ማንም አይፈርም። ማከራየት ሌላ ነው፤ መሸጥ ሌላ ነው። የካሴቱ ዘመን ዘፋኞች ያንን ሳይለዩ ፈርመው ሲጸጸቱ ኖረዋል።

አራተኛ፤ ክፍፍሉ አስቀድሞ ይወሰን። ዘፋኝ፣ ገጣሚና ተጫዋች ድርሻቸውን ይወቁ፤ ጥቂቱ ለኪቦርዱ ባትሪና ለጋራ ሣጥን ይቀመጥ። ገንዘብ ሳይመጣ የተስማማ ቡድን ገንዘብ ሲመጣ አይፈርስም። መደብሩንም እንደ አባት ቤት አንመነው፤ ባንድካምፕ ራሱ በ2022 ለአንድ ኩባንያ፣ በ2023 ደግሞ ለሌላ ተሸጧል። ዋናው ቅጂና የገዢዎቻችን ዝርዝር በእጃችን ይሁን።

አምስተኛ፤ ገበያው ጥግ ዘፈን የሚጭነውን ልጅ ጠላት አናድርገው። እርሱም እንደ እኛ ቀኑን የሚገፋ ነው። የካምፑን ዘፈን በስሙ እንዲጭን፣ ከሚያገኘውም ጥቂት ለጋራ ሣጥኑ እንዲያስቀር ቀርበን እንነጋገረው። እምቢ ካለ ያን ጊዜ ሌላ ነገር ነው።

ስም መጻፍ የሚያስፈራቸው ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። ስደተኛ ነን፤ ስማችንን ዓለም እንዲያነበው የማንፈልግበት በቂ ምክንያት ያለን ብዙ ነን። ለዚህም መፍትሔ አለ፦ መደብሩ ላይ የመድረክ ስም ይውጣ፣ እውነተኛው ስም በመዝገቡ ውስጥ ብቻ ይቀመጥ። ስምን መደበቅ ባለቤቱ ሲመርጠው ጥበቃ ነው፤ ሌላው ሲያደርገው ግን ስርቆት ነው።

የሚስቁብን ደግሞ «ለዚህች ለጥቂት ዶላር ይህ ሁሉ ደብተር?» ይላሉ። አዎን፤ ገንዘቡ ጥቂት ነው። ከካምፕ አያወጣንም፤ ቤት አያሠራንም። ነገር ግን በዚህ ምድር ላይ የምንቀበለው ሁሉ፣ ማሽላውም ዘይቱም ሸራውም፣ የሚሰጠን በቁጥራችን ነው፤ ካርዱ ላይ ያለ ቁጥር። በስማችን የሚመጣ፣ እኛ ሠርተን ሌላው ፈልጎ የከፈለበት አንድ ነገር ቢኖር ዘፈኑ ነው። አራት መቶ ዶላር የሠራ ሰው ነው፤ አራት ኪሎ ማሽላ የተሰፈረለት ተረጂ ነው። ልዩነቱ የማይገባው ካለ፣ ሰልፉ ላይ ቆሞ አያውቅም ማለት ነው።

የእህታችንን ጉዳይ በሚመለከት፣ ዩቲዩብ የቅጂ መብት አቤቱታ የሚቀበልበት ቅጽ አለው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ የባንክ ሒሳብም አይጠይቅም። የሚጠይቀው የባለመብቱን ሙሉ ስም፣ አድራሻና እውነተኛ ቃል ነው። ይወረድ ካለች እንዲወርድ፣ ስሜና የወንድሜ ስም ይግባበት ካለች እንዲገባ፣ ከጎኗ ሆነን እንጽፋለን። ውሳኔው የእርሷ ብቻ ነው። እኛ የምንለምናት አንድ ነገር ነው፤ በአዲሱ መዝገብ የመጀመሪያው መስመር ላይ ስሟን እንድታስጽፍ፣ ከአጠገቡም የወንድሟን።

የፊታችን እሑድ፣ ከቀትር በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ በራኩባው ሥር እንገናኝ። የተቆጣም ይምጣ፣ የሳቀም ይምጣ፤ ደብተሩንና እስክሪብቶውን እኛ እናመጣለን።

ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አስተላልፉ፤ ማንበብ ለማይችል አንብቡለት። መገልበጥ የሚፈልግ ይገልብጥ፤ ከየት እንደ ገለበጠው ግን ይጻፍበት።

አዘጋጆቹ